የብሎኑን አናት አንብቡ



አንድ ብሎን በእጃችሁ ያዙ። ከአልጋ፣ ከብስክሌት ወይም ከወንበር የወለቀ ሊሆን ይችላል። አናቱን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጉና ወደ ብርሃን አቅርቡት። ብዙ ጊዜ አንድ ምልክት ታገኙበታላችሁ። 8.8 የሚል ቁጥር ይኖረው ይሆናል። ወይም ቁጥር የለውም፤ ሦስት አጫጭር መስመሮች ብቻ አሉት። ወይም ደግሞ ልሙጥ ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ይህን ምልክት ሳናነብ አለፍነው። በዚህም ምክንያት የሦስት ሳምንት ሥራ ተበላሸብን። የአንዲት እናት ሥራም አብሮ ተጓተተ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ማሽኑ

የሠራነው ማሽን ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚሠራ ነው። ሰዎች «ስሪዲ ፕሪንተር» ይሉታል። ፕሪንተር ማለት ማተሚያ ማለት ነው። ይህ ግን በወረቀት ላይ አያትምም። ሰፌድ ሲሰፋ አይታችኋል። ሰፊዋ አንዱን ዙር ስትጨርስ ሌላውን ዙር በላዩ ታስከትላለች። ዙር በዙር ላይ እየተደረበ መሶብም፣ ሙዳይም ይሆናል። የማሽኑም ሥራ እንደዚሁ ነው። የፕላስቲክ ገመድ ወደ ጋለ አፍንጫ ይገባል። አፍንጫው 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይግላል። የቀለጠው ፕላስቲክ እንደ ክር እየወጣ ይነጠፋል። አንዱ ንጣፍ ሲያልቅ አፍንጫው ትንሽ ከፍ ይልና ሌላ ንጣፍ ይደርባል።

እንዲህ ያለውን ማሽን ሰው በቤቱ እንዲሠራው ያሰቡት ኤድሪያን ቦየር የተባሉ እንግሊዛዊ መምህር ናቸው። ያስተምሩ የነበረው በባዝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራውን በ2005 እ.ኤ.አ. ጀመሩ፤ ስሙንም ሬፕራፕ አሉት። ሐሳባቸው ማሽኑ የራሱን የፕላስቲክ ክፍሎች እንዲያትም ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. አንዱ ማሽን ባተማቸው ክፍሎች ሌላ ማሽን ተገጠመ። ማሽን ማሽንን ወለደ ማለት ነው። ንድፉም ለሁሉም በነጻ ተሰጠ። ከዚያም በ2010 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ፕሩሻ የተባለ የቼክ አገር ወጣት ንድፉን አቃለለው። እኛ የተከተልነው ይህን የፕሩሻን ንድፍ ነው። የፕላስቲክ ክፍሎቹን ያተመልን ቀደም ብሎ ማሽን የነበረው ሌላ የተማሪዎች ቡድን ነው።

ታዲያ ማሽኑ ፕላስቲኩን ቢያትም ብረቱን አያትምም። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላና ዘንግ ከገበያ ይገዛሉ። ዛሬ በፋብሪካ ተሠርተው የሚሸጡ ማሽኖች ልዩ ዘንግ አላቸው። እኛ የቆየውን ንድፍ የመረጥነው ዕቃው መርካቶ ስለሚገኝ ነው። የዚህ ንድፍ አጥንቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርስ ያለው የ8 ሚሊ ሜትር ዘንግ ነው። ዘንጉ የፕላስቲኩን ማዕዘኖች አልፎ ይወጣል፤ ግራና ቀኙም በሮንዴላና በዳዶ ይታሰራል።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ የምንላቸው ቃሎች ሁሉ የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። ቃሎቹ ከአንድ አገር ይምጡ እንጂ ብሎኖቹ የሚመጡት ከየአገሩ ነው። የእኛም ችግር የጀመረው ከዚሁ ነው።

ገበያ ወጣን

መርካቶ ከአንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ዘንድ ሄድን። ሰውየው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው።

«ጋሼ፣ የ8 ሚሊ ዘንግ አለዎት?» አልኳቸው።

«አለ እንጂ የኔ ልጅ። ዳዶውም አለ። ይኸው፣ ሞክሪው» አሉኝ።

ዳዶውን ዘንጉ ላይ አስገባሁ። በጣት ብቻ ጥርግ ብሎ ወረደ። ጓደኛዬ 13 ቁጥር ቁልፍ ይዞ ነበርና ዳዶው ላይ ሞከረው። ገባ። የ8 ሚሊ ብሎን የሚፈታው በ13 ቁልፍ እንደሆነ ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ሌላ ምን እንፈልጋለን? ገዛን። ስድስት ያህል ብሎንም ከዚያው ጨመርን። አናታቸው ላይ ሦስት ሦስት መስመር ነበረ። አየነው፤ ትርጉሙን ግን አልጠየቅንም።

ማሽኑን ስንገጥም ሌላም ምልክት አይተን ነበር። የታተመው ፕላስቲክ ዳዶው የሚቀመጥበት ባለ ስድስት ማዕዘን ጎጆ አለው። ዳዶው ጎጆው ውስጥ ትንሽ ይወዛወዛል። «ጎጆው ሰፍቶ ታትሞ ነው» ብለን አለፍነው። ሰው ስሕተቱን በሌላ ላይ ለማላከክ ምን ያህል ይቸኩላል!

የቱቦው ነገር

በሠፈራችን አንዲት ልብስ ሰፊ እናት አሉ። ማሽናቸው በእግር የሚረገጥ የድሮ ማሽን ነው። ክር የሚያጠነጥነውን ትንሽ መንኮራኩር ከብረቱ አራርቆ የሚይዝ ቱቦ ነበረው፤ አልቆ ተሰበረ። ያ ቱቦ ከሌለ ክሩን በእጅ ማጠንጠን ግድ ነው። ጊዜው የነሐሴ አጋማሽ ነበር። በነሐሴ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። እማማ በዓመት ውስጥ ደኅና ገንዘብ የሚያገኙት በዚህ ወቅት ነው።

«እማማ፣ እኛ እናትምልዎታለን» አልናቸው። ቱቦው 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል። አተምን። ወስደን ብንገጥመው ከሁለቱ ብረቶች መካከል አልገባ አለ። እማማ አገላብጠው አዩት።

«ልጆቼ፣ ይሄ እኮ የሌላ ማሽን ነው» አሉን።

ስንለካው 45 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። 5 ሚሊ ሜትር ከየት መጣ?

ቤት ተመልሰን በአራቱም ጎን 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን ሳጥን አተምን። ወርዱ 20 ሆነ። ጥልቀቱም 20 ሆነ። ቁመቱ ግን ከ22 ተኩል አለፈ። እንግዲህ ጥፋቱ ያለው ቁመት በሚሠራው ክፍል ነው ማለት ነው። አፍንጫውን ወደ ላይ የሚያነሱት ሁለት የቆሙ ዘንጎች ናቸው። ሞተሩ ዘንጎቹን ያዞራል፤ ዳዶዎቹም ጥርሱን ተከትለው ይወጣሉ። ንድፉ የሚለው ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር አፍንጫው 1.25 ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲል ነው።

ዘንጉን ፈታንና ከማስመሪያ ጎን አጋደምነው። አሥር ጥርስ ቆጠርን። የ8 ሚሊ ዘንግ አሥር ጥርስ 12.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የእኛ ከ14 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፍ ነበር።

ዘንጉ የሚሊ ሜትር ሳይሆን የኢንች ነበር።

ሚሊና ኢንች

ኢንች በእንግሊዝና በአሜሪካ ሲሠራበት የቆየ መለኪያ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። አንድን ኢንች 16 ቦታ ከፍላችሁ 5ቱን ብትወስዱ 7.94 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የእኛ ዘንግ ውፍረት ይህ ነበር። ከ8 ሚሊ የሚያንሰው በፀጉር ነው፤ በዓይንም በእጅም አይለይም። የዳዶው ወርድ ደግሞ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 13 ቁልፍ የገባው ለዚህ ነው። ጎጆው ውስጥ የተወዛወዘውም ለዚህ ነው።

ዳዶውና ዘንጉ ሁለቱም የኢንች ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል። አንዱ የሚሊ፣ ሌላው የኢንች ቢሆን ኖሮ ወዲያው እናውቅ ነበር። የሚሊ ዳዶ የኢንች ዘንግ ላይ አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። ነጋዴው አልዋሹንም። አብሮ የሚሄደውን አብረው ሸጡልን። የጠየቅነው ቁጥር ነው፤ ማጣራት የነበረብንም እኛ ነን።

ድሮ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ የብረት ሥራ ቤት የብሎን ጥርስ የሚያወጣው በየራሱ ልክ ነበር። የአንዱ ቤት ዳዶ የሌላውን ቤት ብሎን አይገጥምም። በ1841 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ መሐንዲስ «ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥርስ እናውጣ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1864 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ ዊልያም ሴለርስ የተባለ ሰው ሌላ ልክ አወጣ። ኋላም በሚሊ ሜትር የሚለካው ተጨመረና በዓለም ላይ በጣም ተስፋፋ። የሚሊው «ኤም» በሚል የላቲን ፊደል ይጠራል። ኤም 8 ማለት ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን ነው። ኤም 3 ማለት 3 ሚሊ ሜትር ነው። ልብ በሉ፤ 8 የሚለው የቁልፉ ቁጥር አይደለም። ለኤም 8 ቁልፉ 13 ነው። ለኤም 6 ቁልፉ 10፣ ለኤም 5 ደግሞ 8 ነው። ስለዚህ «የ8 ብሎን ስጠኝ» ስትሉ የቁልፉን 8 ነው ወይስ የውፍረቱን 8? ሻጩ ይህን ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት።

አሁን ወደ አናቱ እንመለስ። 8.8 ወይም ሌላ ባለ ነጥብ ቁጥር ካለበት ብሎኑ የሚሊ ነው። ሦስት ወይም ስድስት መስመሮች እንደ ጨረር ወጥተው ካያችሁ የኢንች ነው፤ ስድስት ያለው ከሦስቱ ይበረታል። ኤ2-70 የሚል ካለበት የማይዝግ ብረት ነው፤ ይህም የሚሊ ነው። ልሙጥ ከሆነ አናቱ አይነግራችሁም። ያን ጊዜ የምታውቁትን አንድ የሚሊ ብሎን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሁለቱን ጥርስ ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ጥርስ በጥርስ ገጥሞ ብርሃን ካላሳለፈ አንድ ዓይነት ናቸው። ክፍተት ካሳየ ይለያያሉ። እኔ አሁን ገበያ የምሄደው ይህን አንድ ብሎን በቁልፍ ማንጠልጠያዬ አስሬ ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ዳዶ ስትሞክሩም በጣት ብቻ ሞክሩ። በጣት ሙሉ በሙሉ ካላለፈ በቁልፍ አታስገድዱት። ቁልፍ ያልተስማማውን ሁሉ ያስማማል፤ ጥርሱን በልቶ ነው እንጂ።

ትንንሾቹ ብሎኖችማ ይበልጥ ያሳስታሉ። የዚህ ማሽን ሞተሮች የሚታሰሩት በኤም 3 ነው። ኤም 3 ከድሮ ኮምፒውተር ሊፈታ ይችላል። ነገር ግን ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ብሎን አለ። የሲዲ ማጫወቻውን የያዘው ኤም 3 ነው፤ ጥርሱ ደቃቅ ነው፤ አሥሩ ጥርስ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሃርድ ዲስኩን የሚይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኢንች ነው፤ ጥርሱ ሻካራ ነው፤ አሥሩ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ቆርቆሮ ቀላቅሎ ያስቀመጠ ሰው የሞተሩን ጥርስ ያበላሻል።

ጧ!

ዘንጉን ለክተን ስንመልስ ሁለተኛው ስሕተት መጣ። ይህኛው የእኔ ነው።

«አሁን በደንብ እናጥብቀው፤ ሁለተኛ አይንቀሳቀስም» ብዬ ረጅም ቁልፍ ያዝኩ። አንድ ዙር ጨመርኩ። ግማሽ ዙር ጨመርኩ። ጧ! ሞተሩን የሚይዘው የፕላስቲክ ማዕዘን እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጠቀ። ሌላ ማዕዘን እስኪታተምልን አንድ ሳምንት ጠበቅን። በዚያ ሳምንት እማማ ክር በእጃቸው ሲያጠነጥኑ በመስኮት እናያቸው ነበር። ሰላም ለማለት እንኳን አፈርን።

ለምን ተሰነጠቀ? 8.8 የሚለው ቁጥር ስለ ጥንካሬ ይናገራል። የመጀመሪያው 8 እንዲህ ይላል፦ ከዚህ ብረት 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ብትወስዱ የሚበጠሰው 80 ኪሎ ያህል ሲንጠለጠልበት ነው። ሁለተኛው 8 ደግሞ ብረቱ ተስቦ ወደ ቦታው መመለስ የሚያቅተው ከመበጠሻው ኃይል ከመቶ 80 እጅ ላይ ሲደርስ ነው ይላል። በዚህ ሒሳብ ቀጭኑ ኤም 3 እንኳን 400 ኪሎ ያህል ይችላል። አንድ በሬ ያንጠለጥላል ማለት ነው። ማሽኑን ያተምንበት ፕላስቲክ ፒ ኤል ኤ ይባላል። እሱ በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚችለው 5 ኪሎ ያህል ነው። ያውም በንጣፉ አቅጣጫ ሲሳብ ነው። ንጣፍ ከንጣፍ ለማላቀቅ ሲሳብ ከዚያም ያንሳል። ሰፌድ በዙሩ ላይ ብትስቡት እሺ አይልም፤ ዙሩን ከዙር ብትለያዩት ግን ይተረተራል። የታተመ ፕላስቲክም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ላለ ማሽን ብሎን ስትመርጡ «የትኛው ብሎን ይበረታል?» ብላችሁ አትጠይቁ። በርካሽ ከተገኘ ከተራው ብረት የተሠራውም ይበቃል። የሚሰበረው ፕላስቲኩ ነው። የሚጠየቀው «የትኛው ብሎን ፕላስቲኩን አይጎዳም?» ተብሎ ነው።

ፕላስቲኩን የሚያድን መጀመሪያ ሮንዴላ ነው። የኤም 8 ብሎን አናት ፕላስቲኩን የሚጫነው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ተራው ሮንዴላ ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሚያርፍበትን ቦታ ወደ ሁለት እጥፍ ያሰፋዋል። ትልቁ ሮንዴላ 24 ሚሊ ሜትር ወርድ አለው፤ ቦታውን አምስት እጥፍ ያህል ያሰፋዋል። ሸክም በቀጭን ገመድ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ፤ ትከሻ ይቆርጣል። በሰፊ ጨርቅ ስትሸከሙት ግን ያው ሸክም ይቀላል። ሮንዴላ የሚቀመጠው በዳዶው በኩል ብቻ አይደለም፤ በአናቱም በኩል ነው። እኛ ገንዘብ ለመቆጠብ በአናቱ በኩል ትተነው ነበር። የተሰነጠቀውም ከዚያው በኩል ነው።

አናቱ እንደ ፈንገል የሾለ ብሎን ለፕላስቲክ አይሆንም። ለእንጨትና ለብረት ጥሩ ነው፤ አናቱ ገብቶ ይደበቃልና። ፕላስቲክ ውስጥ ግን እንደ መፍለጫ ሽብልቅ ይሆናል፤ ባጠበቃችሁት ቁጥር ቀዳዳውን ወደ ጎን ይበረግዳል። ከሥሩ ጠፍጣፋ የሆነውን አናት ምረጡ።

ብሎንን ፕላስቲኩ ውስጥ ራሱ ጥርስ እያወጣ እንዲገባ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈታችሁት ቀዳዳው ይላላል። የሚፈታ ከሆነ ከጀርባው ዳዶ ይኑረው። ለዚህ ነው ጎጆው የታተመው። የኤም 3 ዳዶ ወርዱ 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጎጆው ልክ ከሆነ ዳዶው አይዞርም፤ ሌላ ቁልፍ መያዝም አያስፈልግም።

ርዝመቱን እንዲህ አስሉ። ፕላስቲኩ 12 ሚሊ ሜትር ይወፍራል እንበል። ሁለት ሮንዴላ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ነው፤ ድምሩ 1 ይሆናል። የኤም 3 ዳዶ ውፍረት 2.4 ነው። 12 እና 1 እና 2.4 ሲደመር 15.4 ይሆናል። ብሎኑ ከዳዶው ቢያንስ አንድ ጥርስ ማለፍ አለበት። ስለዚህ 16 ሚሊ ሜትር ግዙ። የሚለካው ከአናቱ በታች እስከ ጫፉ ነው። ሱቅ የምታገኙት ብዙ ጊዜ 10፣ 12፣ 16፣ 20፣ 25 እና 30 ነው። 15 ብላችሁ ብትጠይቁ አይገኝም፤ ሻጩ 12 ቢሰጣችሁ ደግሞ ዳዶው ጋ አይደርስም። ረጅሙን ገዝቶ መቁረጥም ይቻላል፤ ዳዶውን አስቀድማችሁ አስገቡበትና ቁረጡ። ዳዶውን መልሳችሁ ስታወጡት የተቆረጠውን ጥርስ ያስተካክለዋል።

በላዩ የሚዞር ነገር ካለ ግን ከአናቱ በታች ልሙጥ የሆነውን ብሎን ፈልጉ። በዚህ ማሽን ላይ ምንም ነገር የማያስር አንድ ኤም 8 ብሎን አለ። በሁለት ኩሽኔታ መካከል ይዞራል፤ ወገቡ ላይ እንደ ሞረድ ተፈልፍሏል፤ በዚያ የፕላስቲኩን ገመድ ነክሶ ወደ ጋለው አፍንጫ ይገፋል። ሙሉ ጥርስ ያለው ብሎን ለዚህ አይሆንም፤ ጥርሱ ኩሽኔታው ውስጥ ይወዛወዛል። ፕላስቲክ ላይ ሲዞር ደግሞ እንደ መጋዝ ይበላዋል።

ጥብቀቱስ? እኛ አሁን የምናደርገው ይህን ነው። ኤም 3ን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ቁልፉን ይዘን እናጠብቃለን። ሮንዴላው አልዞር ሲል ሩብ ዙር እንጨምራለን። በቃ። ክንድ አያስፈልግም።

ፕላስቲክ አንድ ሌላ ጠባይ አለው። ሲጫኑት ቀስ በቀስ ይሰጣል። ዛሬ የጠበቀው ብሎን ከሳምንት በኋላ ላልቶ ይገኛል፤ ብሎኑ ዞሮ ሳይሆን ፕላስቲኩ ተዳጥጦ ነው። ማሽኑ ደግሞ ሲሠራ ቀኑን ሙሉ ይርገፈገፋል። ስለዚህ በገጠማችሁ ማግስት፣ ከዚያም በሳምንቱ ዞራችሁ ዳስሱት። ውስጡ የናይሎን ቀለበት ያለበት ዳዶ ቢላላም አይወልቅም። እሱ ካልተገኘ ሁለት ዳዶ አንዱን በአንዱ ላይ አጥብቁ።

ሙቀትም አለ። ፒ ኤል ኤ 60 ዲግሪ ላይ መልፈስፈስ ይጀምራል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ብትተዉት ሊጣመም ይችላል። ብረት ሙቀት ያስተላልፋልና ከጋለው አፍንጫ አጠገብ ያለ ብሎን ፕላስቲኩን ከውስጥ ያለሰልሰዋል። እዚያ ቦታ ላይ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ የሚችለው ኤ ቢ ኤስ የተባለው ፕላስቲክ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚይዙትን ቪቴዎችም አትርሱ። እነሱ ሲላሉ ማሽኑ ወዲያው አይቆምም። ሽቦው ቀስ እያለ ይግላል፤ ማያዣው ይቀልጣል፤ ከዚያ ወዲያ እሳት ነው። ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ እነሱንም ዳስሱ።

ቱቦው እንደገና

ዘንጎቹን አልጣልናቸውም። ገንዘብም አልነበረንም። ዘንጉ ከነዳዶው ይስማማል፤ የተሳሳተው ለማሽኑ የነገርነው ቁጥር ነው። ሞተሩ አንድ ዙር የሚዞረው በ3200 ጥቃቅን እርምጃ ነው። በኤም 8 ዘንግ አንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 3200 ለ1.25 ሲካፈል 2560 ይሆናል። ማሽኑ አንድ ሚሊ ሜትር ለመውጣት 2560 እርምጃ ይራመድ ነበር። የእኛ ዘንግ አንድ ዙር ግን 1.411 ነው። 3200 ለ1.411 ሲካፈል 2268 ያህል ይሆናል። 2560ን ሰርዘን 2268 ጻፍን። ሳጥኑን እንደገና አተምን። ወርዱም፣ ጥልቀቱም፣ ቁመቱም 20 ሆነ።

ቱቦውን ለእማማ ያደረስነው በጳጉሜን ነው። ከያዙት 30 ዩኒፎርም 22ቱን በእጅ እያጠነጠኑ ጨርሰው ነበር። ቱቦው ገባ። እኔ አዲስ ብሎን ይዤ ሄጄ ነበር፤ እማማ ግን የድሮውን ከመሳቢያቸው አወጡ። ደግ አደረጉ፤ የድሮ የልብስ ስፌት ማሽኖች ብሎን የራሱ ጥርስ አለው፤ የገበያውን ብናስገባው እናበላሸው ነበር።

«ላጥብቀው እማማ?» አልኳቸው።

«ተይ፣ አንቺ ትሰብሪዋለሽ» ብለው በሁለት ጣታቸው አጠበቁት።

የቀሩትን የኢንች ብሎኖች በአንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ለብቻ አስቀምጠናቸዋል። በላዩ «ኢንች» ብለን በትልቁ ጽፈናል።